ጉዳዩ፦ ችግሩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ዝም ብሎ መጻፍ አይጀምርም። በመጀመሪያ ለመጻፍ ይዘጋጃል። መዘጋጀቱን የሚገልጽ ቅጽ አለ፤ ቅጹ ሰባት ገጽ ነው፤ ስድስቱ ገጾች ሰባተኛው ገጽ እንዴት እንደሚሞላ ያብራራሉ። ተማሪው ሰባተኛውን ገጽ ሞልቶ ለአማካሪው ያቀርባል፣ አማካሪው ለኮሚቴው ያቀርባል፣ ኮሚቴው ደግሞ ተሰብስቦ ተማሪው ለመዘጋጀት ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። አሠራሩ ለዘጠኝ ዓመታት ያለ እንከን ሲሠራበት ቆይቷል።

በዚያ ዓመት ከነበሩት አርባ ሁለት ተማሪዎች አርባ አንዱ በዚህ መንገድ በሰላም አለፉ። አርባ ሁለተኛዋ ግን ጥፋት ሠርታ ተገኘች። ጥፋቷም ቀላል አልነበረም። አንድ ችግር አየችና ፈታችው።

ይህችን ተማሪ የክፍሏ ልጆች «ሹክሹክታ» ይሏታል። ስታወራ ከፊቷ የተቀመጠው ሰው እንኳ ጆሮውን ካላስጠጋ አይሰማትም፤ መምህር ስሟን ሲጠራ «አለሁ» የሚልላት አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለች ልጅ የትምህርት ክፍሉን ሥርዓት ታፈርሳለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነው። ያሳደገቻት አክስቷ እዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ የተሞላ ነው፤ መደርደሪያዎቹ ላይ አሥራ አንድ ሺህ ቡናማ ካርድ ተኮልኩሏል፤ በመሃላቸው ሦስተኛ እርከኑ በሽቦ የታሰረ ሰማያዊ መሰላል ቆሟል። አክስትየዋ በቀን አርባ ጊዜ ያህል ትወጣዋለች፣ አርባ ጊዜ ትወርደዋለች። ባለፈው ዓመት ጉልበቷ አበጠ። ከጎን ክፍል ያለው ሐኪም ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጎ ካየ በኋላ፣ አንድ ዓመት በመሰላሉ ላይ ከቆየች ቀጣዩን በዊልቸር እንደምታሳልፍ ነገራት። አስተዳደሩም በበኩሉ የሥራ መዘርዝሩን አውጥቶ አሳያት፤ «መሰላል የመውጣት ችሎታ» የሚል ተጽፎበታል። የማትወጣ ከሆነ ትልቀቅ። ጡረታዋ ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

ሹክሹክታ ለዕረፍት ስትመጣ ሁለት ሳምንት ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሰዓት እየያዘች ጻፈች፤ አንድ ታካሚ ካርዱ እስኪገኝለት በአማካይ አርባ ሰባት ደቂቃ ይቆማል። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለች። ካርዱ አሥራ አንድ ሺህ ይሁን እንጂ በየጊዜው የሚመላለሰው ሰው ስድስት መቶ ቢሆን ነው፤ ስኳር ያለባቸው፣ ግፊት ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ክትባት ያልጨረሱ ሕፃናት። የእነዚህ ሰዎች ካርድ ግን ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጥርሱን ሊያስነቅል ብቅ ብሎ ከጠፋው ሰው ካርድ ጋር ተደባልቆ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። እናም በአሮጌ ላፕቶፗ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። አክስቷ ካርድ ባወጣች ቁጥር ቁጥሩን ትመታለች፤ ዓርብ ዓርብ ፕሮግራሙ ማን ወደ ታች እንደሚወርድና ማን ወደ ላይ እንደሚወጣ ዝርዝር ያወጣል። የሚመላለስ ሰው ካርድ ከእጅ ሥር ይሆናል። የማይመጣው ወደ ጣሪያው ይሄዳል።

በአራተኛው ወር አርባ ሰባቱ ደቂቃ አራት ደቂቃ ሆነ። ከላይ የሚፈለግ ካርድ በሳምንት አንድ ሁለት ቢገኝ ነው፤ እሱንም ረጅሙ ዘበኛ ወንበር ላይ ቆሞ ያወርደዋል። መሰላሉ ግምጃ ቤት ገባ። አክስትየዋ ለወንበሯ ትራስ ገዛች።

ሹክሹክታ ይህን ሁሉ ለማንም አልነገረችም። ችግር ስትፈታ ለመንገር የሚሞላ ቅጽ መኖሩን አታውቅም ነበር።

አማካሪዋ አሥራ ዘጠኝ ተማሪ የሚያማክር፣ ሁለት ስልክ ያለው፣ ሰው እያናገረው ሦስተኛ ስልክ የሚፈልግ የሚመስል ሰው ነው። ሰባተኛውን ገጽ ተቀብሎ መጀመሪያ የወረቀቱን ህዳግ በማስመሪያ ለካ። ህዳጉ ልክ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«የችግሩ መግለጫ ባዶ ነው» አላት።

ችግሩ ስለተፈታ እንደሆነ ነገረችው። ከፍ አድርጊ አላት። ከፍ አድርጋ ነገረችው። ስልኮቹን ሁለቱንም በግንባራቸው ደፋቸው፤ እንዲህ ሲያደርግ ታይቶ አይታወቅም።

«ማን ፈቅዶልሽ?»

ደብተሯን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«ስሚ እህቴ። ችግር ያለው ምዕራፍ አንድ ላይ ነው። መፍትሔ ያለው ምዕራፍ አራት ላይ ነው። አንቺ ምዕራፍ አንድ ሳይጸድቅልሽ ምዕራፍ አራት ውስጥ ነው የተገኘሽው። ሰው ቤት በመስኮት እንደመግባት ማለት ነው።»

ችግሩ ከአራት ወር በፊት እንደነበረ አድርጋ ብትጽፈውስ ብላ ጠየቀች። አማካሪው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀና ሦስተኛውን ጥያቄ በጣቱ አሳያት። «ችግሩ በአሁኑ ሰዓት አለ?» ይላል። ሁለት ሳጥን አለ፤ አዎ፣ የለም። ከሥሩ በደማቁ እንዲህ ተጽፏል፤ «‹የለም› ካሉ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ቅጹን ለጸሐፊዋ ይመልሱ።»

«ሌላ ርዕስ ልፈልግ?» አለች።

«የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ከአንድ ወር በኋላ ዓርብ ነው። አንቺ ደግሞ ማራዘሚያሽን ባለፈው ዓመት ጨርሰሻል። እስከዚያ ካልጸደቀልሽ ከመዝገብ ትሰረዣለሽ።» ስልኮቹን መልሶ ቀና አደረጋቸው። «ኮሚቴው ይየው።»

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አንደኛው አማካሪው ራሱ ሲሆን ኮሚቴ ውስጥ ሲቀመጥ ሹክሹክታን እንደማያውቃት ሆኖ ያያታል። ሁለተኛው ተማሪዎች «ክፍተት» የሚሉት ዶክተር ነው፤ የትኛውም ጥናት ቢቀርብለት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ነው፤ «ክፍተቱ የታለ?» ሦስተኛው ሰብሳቢው ናቸው። ሰብሳቢው ጠና ያሉ፣ ከረባታቸው የማይላላ፣ ንግግራቸውን ሁሉ «በመሠረቱ» ብለው የሚጀምሩና ከዚያ ወዲያ መሠረቱን የማያገኙት ሰው ናቸው።

«በመሠረቱ» አሉ ሰብሳቢው፣ «የተማሪዋን ትጋት እናደንቃለን። ትጋት ግን በቅደም ተከተል ሲሆን ነው። እነዚህ ታካሚዎች ለአራት ወር ቶሎ ሲስተናገዱ በጥናት ላይ መሆናቸውን ያውቁ ነበር?»

ጥናት እንዳልነበረ በለሆሳስ አስረዳች።

«ይብሳላ። ያለ ጥናት ነው የተስተናገዱት።»

የነገሩ ክብደት ለሦስቱም ተሰማቸው።

ክፍተት በበኩሉ ሌላ ጉዳይ አነሣ። ስለ ካርድ አያያዝ በዚሁ ትምህርት ክፍል ከዚህ በፊት አሥራ አራት የመመረቂያ ጽሑፎች ተጽፈዋል፤ አሥራ አራቱም በጥቁር ጠንካራ ሽፋን ተጠርዘው ላይብረሪ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ተደፍኗል። ሹክሹክታ ከአሥራ አራቱ ስንቱ ሥራ ላይ እንደዋለ ጠየቀች። አልተሰማትም፤ ደገመችው። ሰብሳቢው በአባትነት ፈገግ ብለው፣ በመሠረቱ ሥራ ላይ ማዋል ከጥናት ወሰን ውጭ መሆኑን ገልጸው፣ ሁሉም ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ የዛሬ ተማሪዎች በምን ላይ እንደሚጽፉ አሰበችበት እንደሆነ ጠየቋት። አላሰበችበትም ነበር።

ከሁለት ሰዓት ውይይት በኋላ ኮሚቴው ለተማሪዋ ሊያዝንላት ወሰነ። ውሳኔው በማግስቱ በደብዳቤ ለጤና ጣቢያው ተላከ። ደብዳቤው ክብ ማኅተም ነበረበት።

«ጉዳዩ፦ ችግሩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመጠየቅ» ይላል አናቱ ላይ። «በተቋማችሁ ካርድ ክፍል ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል የነበረ ችግር አስፈላጊው ጥናት ሳይደረግበት መፈታቱን በከፍተኛ ቅሬታ ተረድተናል። ስለሆነም አንደኛ፣ ችግሩ ወደነበረበት ቦታ እንዲመለስ። ሁለተኛ፣ አመላለሱ በእጅና በግምት ሳይሆን በሳይንሳዊ መንገድ እንዲሆን፣ ይኸውም ካርዶቹ ያለ አንዳች አድልዎ የሚዘበራረቁበት ዝርዝር በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ፣ ተፈርሞበት፣ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ። ሦስተኛ፣ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ለአሥራ ስምንት ወራት ችግሩን ማንም እንዳይነካው። ኮሚቴው ከሦስት ሳምንት በኋላ በአካል ተገኝቶ ችግሩን የሚጎበኝ መሆኑን ከወዲሁ ያሳውቃል።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገ። ከዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሲደርሰው የመጀመሪያው ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ችግር አስመላሽ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ራሱ ሆነ፤ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጸሐፊ ሆነ፤ አክስትየዋ ድምፅ የማትሰጥ አባል ሆነች።

የግብረ ኃይሉ የመጀመሪያ ሥራ መሰላሉን ማውጣት ነበር። ግምጃ ቤት ኃላፊው መሰላሉ «አገልግሎት የማይሰጥ» በሚል ገቢ እንደተደረገ፣ አገልግሎት የማይሰጥ ዕቃ ደግሞ አገልግሎት እንዲሰጥ ወጪ እንደማይደረግ በመግለጽ ሦስት ቀን ተከራከረ። በመጨረሻ ወጪ ማዘዣው ላይ «ለምን አገልግሎት እንደተፈለገ» በሚለው ቦታ «ለችግር» ተብሎ ተጻፈና ነገሩ ተፈታ። ሰማያዊው መሰላል ሁለት ሰው ይዞት፣ ሊቀ መንበሩ ከፊት እየመራ፣ ወደ ካርድ ክፍሉ ተመለሰ።

አክስትየዋ ትራሷ ላይ ተቀምጣ ሲያልፍ አየችው። ምላስዋ የሚያርፍ ሴት አይደለችም።

«ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄን ችግር ይዤው ስኖር አንድ ሰው እንዴት ነሽ ብሎ ሊያየው አልመጣም» አለች። «አሁን ጠፋ ሲባል በደብዳቤ ያፈላልጉታል?»

ሊቀ መንበሩ ጉዳዩ ሳይንስ እንደሆነ ገለጸላት።

«ይሁን ጌታዬ። ሳይንሱ ይወጣልኛላ መሰላሉን።»

ሹክሹክታ የዚያን ቀን ደብተሯን ይዛ ከአክስቷ ፊት ቆማ፣ ትምህርቱን ልትተወው እንዳሰበች፣ ዲግሪም ይቅር ጉልበትሽ ይበልጣል ስትል ዐይኗን ሳታነሣ ተናገረች። አክስትየዋ አልተቀየመችም፣ አላለቀሰችም። ለአንድ ታካሚ ካርድ እየሰጠች ነበርና እሱን ጨረሰች። ከዚያ፣ ይቺን ልጅ ለማስተማር ስንት ሺህ ጊዜ መሰላል እንደወጣች ቆጥራ እንደማታውቅ፣ አሁን ጥቂት ቢጨመርበት ጣሪያው ላይ እንደማትቀር ነገረቻት። «ጉልበቴን እኔ አናግረዋለሁ» አለች። «አንቺ ፕሮፌሰሮችሽን አናግሪ፤ እሱ ነው የሚከብደው።»

ስለዚህ ሹክሹክታ ካርዶቹን የምታዘበራርቅ ፕሮግራም ለመጻፍ ተቀመጠች። ካርዶቹን ለማስተካከል የጻፈችው ሁለት ወር ፈጅቶባት ነበር። ለማዘበራረቅ አሥራ አንድ መስመር በቃት፤ ከምሳ በፊት አለቀ። ዝርዝሩ ግን ረጅም ሆኖ ወጣ። ነገ ጠዋት ክትባት ያላት የሦስት ወር ሕፃን ጣሪያ ሥር ተመደበች። ከሰባት ዓመት በፊት ያረፉ አንድ ሽማግሌ ከእጅ ሥር፣ ለመድረስ በሚመች ቦታ ተቀመጡ። ሳይመጡ ሳምንት የማያልፋቸው ባለ ስኳር እናት ከመስኮቱ ጀርባ ገቡ። አንዳች አድልዎ የለበትም። ሦስቱም የኮሚቴ አባላት ሳያነቡት ፈረሙበትና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ግድግዳው ስላልበቃው የተረፈው በሩ ላይ ዞረ።

የቀረው ካርዶቹን በዝርዝሩ መሠረት ማንሣት ነው። አክስትየዋ የሕፃኗን ካርድ ብብቷ ሥር ሸጉጣ መሰላሉን ያዘች። አንደኛውን እርከን ወጣች። ሁለተኛውን ወጣች። በሽቦ የታሰረው ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ጢው አለ፤ መሰላሉ ይሁን ጉልበቷ አልታወቀም።  መደርደሪያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች፤ አንገቷ ላይ ያለው ደም ሥር ተገትሯል።

«ውረጂ።»

ቃሉ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ተሰማ። ረጅሙ ዘበኛ ሌባ የተያዘ መስሎት እየሮጠ መጣና ክፍሉ ውስጥ ከሹክሹክታ በቀር ሌላ ሰው ሲያጣ ግራ ተጋባ። አክስትየዋም ዞር ብላ አየቻት። ሃያ ስድስት ዓመት አሳድጋት ይህን ድምፅ አታውቀውም።

«ውረጂ አክስቴ» አለች ልጅቱ፣ አሁን በራሷ ድምፅ። ዘበኛው ደግፎ አወረዳት።

ከዚያ ደብዳቤውን አንሥታ ማንበብ ጀመረች። የኮምፒውተር ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ የተባሉትን ያደርጋሉ፤ ያልተባሉትን አያደርጉም፤ መባል የነበረበት ምን እንደሆነ አይጨነቁም። ሁለተኛውን ነጥብ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ዝርዝር ይዘጋጅ ይላል፤ ተዘጋጅቷል። ይፈረምበት ይላል፤ ተፈርሟል። ይለጠፍ ይላል፤ በሩ እንኳ ተለጥፎበታል።

«ካርዶቹ ይነሡ የሚል የለም» አለች።

አክስትየዋ ጉልበቷን እያሸች ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ምንም አልተማርሽም እያልኩ ስጨነቅ ነበር እኮ።»

የጉብኝቱ ቀን ነጩ መኪና በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው አፉን በእጁ ጋርዶ ሁለት ጊዜ ሳለ። ካርድ ክፍሉ በዚያን ሰዓት ባዶ ነበር፤ የጠዋቱ ሰው ሁሉ ተስተናግዶ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አክስትየዋ አስቀድማ ነግራቸው ስለነበር ተነሥተው ተሰለፉ። ቶሎ መስተናገድ ከጀመሩ ወዲህ ጊዜ ተርፏቸዋል። ነፍሰ ጡሯ ወገቧን ይዛ ማቃሰት ጀመረች፤ ሳታጋንን፣ በልኩ። ባለ ስኳሯ እናት ከጠዋት ጀምሮ እንደቆሙ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ተናገሩ። አንድ አዛውንት ሰልፉ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ገብተው ከሁሉም በላይ ተማረሩ።

ኮሚቴው ሰልፉን በአድናቆት አየ። መሰላሉን ዳሰሰ። አማካሪው ስልኩ ላይ ሰዓት መያዣውን ከፈተና የአንዲት ታካሚ ካርድ እንዲፈለግ ጠየቀ። ካርዱ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከአክስትየዋ ክንድ አጠገብ ነበር። 

አክስትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መሰላሉ ሄደችና ቆም አለች።

«ወንድ እያየኝ አልወጣም» አለች። «ቀሚስ ነው የለበስኩት።»

ሦስቱ ምሁራን ተያዩ። ሰብሳቢው በመሠረቱ ትክክል መሆኗን አመኑ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። አክስትየዋ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ትራሷ ላይ ተቀመጠች፤ በአንድ እጇ መሰላሉን እየወዘወዘች ጢው ጢው አሰኘችው፤ በየመሃሉ «ውይ ጉልበቴ» ትላለች፤ ደግሞ ለአፍታ ዝም ብላ፣ «እዚህም የለም» ትላለች። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወለሉን ነው የሚያዩት። አንድ ሰው ቀና ቢል ሁሉም ሊስቁ ነው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ነበር፤ ሦስቱ ምሁራን ሌላ የሚያዩት ስላልነበራቸው እሱን አነበቡ። ክፍተት መጀመሪያ እንደነገሩ፣ ቀጥሎ መነጽሩን አውልቆ፣ በመጨረሻ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ አነበበ።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ተማሪዋ» አለ አማካሪው።

«ከዚህ በፊት የሠራው አለ?»

አማካሪው አሰበ። ችግር ለመፍታት ብዙ ሰው ጽፏል። ችግርን በኮምፒውተር ወደ ቦታው የመለሰ ግን የትም አላነበበም።

ክፍተት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ሲፈልገው የኖረውን ነገር አገኘ። ዐይኑ በራ። «ክፍተቱ ይኸው» አለ በተሰበረ ድምፅ፣ እጁን ዝርዝሩ ላይ ጭኖ።

በአርባ ስድስተኛው ደቂቃ አክስትየዋ ካርዱን ይዛ «ተገኘ» አለች፤ አማካሪው የአንድ ደቂቃውን ልዩነት ተቀባይነት ባለው ስሕተት ውስጥ መዘገበው። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጃቸው፣ «ችግሩ በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝና ለጥናት ብቁ ነው» ብለው ጻፉ። የምዝገባው ጊዜ ሊያልፍ ሦስት ቀን ሲቀረው የሹክሹክታ ርዕስ ጸደቀ። ርዕሱን እሷ አላወጣችውም፤ ክፍተት ነው ያወጣላት፦ «በተቋማት ውስጥ የጠፉ ችግሮችን ወደ ቦታቸው የሚመልስ አስተዋይ ሞዴል»። ወሬው ሲሰማ የሲቪል ምሕንድስና ክፍል ፕሮግራሙን ቶሎ እንዲያገኝ በደብዳቤ ጠየቀ። በአንድ የተቦረቦረ መንገድ ላይ ስድስት ተማሪዎች መድቦ ሳለ፣ ጥናቱ ሳያልቅ መንገዱን ጠግነውበት ነበር።

ሹክሹክታ ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ካርድ ክፍሉ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ መጠይቅ ታድላለች። አክስቷ ትራሷ ላይ ተቀምጣ ካርድ ታድላለች። መሰላሉ ቆሟል፤ ነጠላ ይሰቀልበታል።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ሰብሳቢው መጡ። ለጉብኝት አልነበረም። ቀኝ ጎናቸውን ይዘዋል፣ ከረባታቸው ላልቷል፣ ግንባራቸው ላብ አቸፍችፏል። በዚያ ወር ለሦስተኛ ጊዜ መምጣታቸው ነው፤ ቀድሞ የመጡት ግን አክስትየዋ ተራ ዕረፍት በወጣችባቸው ቀናት ነበር፤ ተተኪዋም ካርዳቸውን ከጣሪያ ሥር እስክታገኝ ብዙ አቆይታቸዋለች። ሦስት ጊዜ የመጣ ሰው ካርድ ደግሞ የት እንደሚሆን ፕሮግራሙ ያውቃል። ቁጥራቸውን ተናግረው ሳይጨርሱ አክስትየዋ እጇን ዘረጋችና ካርዳቸውን አወጣችው።

ማንም ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ሰብሳቢው ካርዱን አዩ። የግድግዳ ሰዓቱን አዩ። በፊርማቸው የተለጠፈውን ዝርዝር አዩ፤ በዝርዝሩ መሠረት ካርዳቸው ጣሪያ ሥር ነው።

«እንዴት» አሉ ጎናቸውን እንደያዙ፣ «ጥናቱ ሳያልቅ?»

ሹክሹክታ የያዘችው የመጠይቅ ክምር ከጭኗ ላይ ሸርተት አለ። የጸደቀ ርዕስ በአንድ ቃል ሊሻር እንደሚችል ታውቃለች። 

አክስትየዋ ግን ዐይኗን አላርገበገበችም። ካርዱን መልሳ ክርኗ ሥር ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ይሄ እኮ የእርስዎ መሆኑን ለማየት ያህል ነው እንጂ ካርድዎ ገና አልተገኘም» አለች። «በችግሩ መግለጫ መሠረት አማካይ ቆይታው አርባ ሰባት ደቂቃ ነው። እዚያ ጋ ይቀመጡልኝ።»

የሰብሳቢው ፊት ተፈታ። «በመሠረቱ» አሉና አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጎናቸውን በወጋቸው ቁጥር ሰዓታቸውን እያዩ በርካታ ዓመት ያላገኙትን ዓይነት የመርካት ገጽታ አሳዩ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ካርዳቸውን እየወሰዱ፣ ወደ ሐኪሙ እየገቡ፣ መድኃኒታቸውን ይዘው እየወጡ አለፏቸው። ሰብሳቢው አላዩአቸውም፤ ሹክሹክታ የሰጠቻቸውን መጠይቅ እየሞሉ ነበር። «ችግሩ በአሁኑ ሰዓት አለ?» በሚለው ሥር «አዎ» የሚለውን ሳጥን ሁለት ጊዜ ምልክት አደረጉበት። አስተያየት በሚለው ቦታ፣ «እንዳይነካ» ብለው ጻፉ።

በአርባ ሰባተኛው ደቂቃ አክስትየዋ ክርኗን አነሣች።